ዴሎሬስ ኮስኪ ያልሰፋችው ማልያ

ዴሎሬስ ኮስኪ ሰውን የምትለካው በላቡ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የኮሌጁን የበረዶ ሆኪ ተጫዋቾች ማልያ አጥባለች፣ የጫማቸውን ስለት ሞርዳለች፣ የተተረተረ ጓንታቸውን ጠቅማለች። ስለዚህ ማን ለፍቶ እንደወጣ፣ ማን ደግሞ አናቱ ላይ ውሃ አፍስሶ የለፋ እንደመሰለ ለማወቅ ጨዋታውን ማየት አያስፈልጋትም። ማልያውን አንሥታ ታሸታለች፤ አለቀ። በዚህ ሚዛን ስድስት አሰልጣኞችና ቁጥር ስፍር የሌላቸው ተጫዋቾች ተለክተው አብዛኞቹ ቀልለው ተገኝተዋል።

ከተማዋ ፖርት ኤልዲንም ብትሆን ከዚህ ሚዛን አላመለጠችም። የመዳብ ማዕድኑ ከተዘጋ ወዲህ በዚህ በላይኛው ሚቺጋን ጥግ ሰው የሚኮራበት ነገር ቢኖር ይህ ቡድን ብቻ ነው። የስልሳ ዓመት ሽማግሌ የሃያ ዓመት ልጅ ስም ጀርባው ላይ አጽፎ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። የባንኩ ሥራ አስኪያጅ ቡድኑ ሲሸነፍ ሚስቱን ለሁለት ቀን ያኮርፋል። ዴሎሬስ እነዚህን ሰዎች በየሱቁ ስታገኛቸው ሰላምታ ትሰጣለች፤ በሆዷ ግን «የት አባታቸው ያደጉ ናቸው» ትላለች።

ሥራውን የጀመረችው «ለሁለት ሳምንት ብቻ» ተብላ ነበር። የቀድሞው የዕቃ ክፍል ኃላፊ ወገቡን ታሞ ሲተኛ ስፌት የሚችል ሰው ጠፋና፣ ባሏ ዌይን፣ የጠጠር መኪና ሹፌሩ፣ «የእኔዋ ትችላለች» የሚል ቃል ከአፉ አመለጠው። ዌይን ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆነው፤ ሁለቱ ሳምንት ግን አላለቀም። አንድ ልጇ አሪዞና ሄዶ በረሃ ላይ የመዋኛ ገንዳ ይሸጣል፤ ይህንንም ሥራ ብሎ በየገናው እየደወለ ያወራታል። በልጅነቷ በበረዶ ላይ ከሦስቱም ወንድሞቿ ትፈጥን የነበረችው እሷ ነበረች። ያኔ የሴት ቡድን የሚባል ነገር ስላልነበረ ወንድሞቿ ተጫወቱ፣ እሷ ካልሲያቸውን ጠቀመች። አንደኛው ወንድሟ እስከ ዛሬ ቢራ ቤት ተቀምጦ በአንድ ወቅት ስላገባት ጎል ያወራል። ጎሏን ያገባት ተደናቅፎ ሲወድቅ በኳስ ፈንታ የሚመቷት ጥቁር ጎማ ጉልበቱን መትታ አልፋ መሆኑን የምታስታውሰው ዴሎሬስ ብቻ ናት፤ ባገኘችው ቁጥርም ታስታውሰዋለች።

በመልበሻ ክፍሉ አንድ ልማድ አለ። ማን እንደሚጫወት በአፍ አይነገርም። ጨዋታው ሦስት ሰዓት ሲቀረው አሰልጣኙ የስም ዝርዝሩን ለዴሎሬስ ይሰጣታል፤ እሷም የሚሰለፉትን ልጆች ማልያ ከየመቀመጫቸው በላይ ባለው ሚስማር ትሰቅላለች። ተጫዋቹ ይገባል፣ ቀና ይላል። ማልያው ካለ ይጫወታል፤ ሚስማሩ ባዶ ከሆነ ኮትና ክራቫቱን እንዳጠለቀ ፎቅ ወጥቶ ከተመልካች ጋር ፈንዲሻ ይበላል። ልማዱን ማን እንደጀመረው አይታወቅም፤ አሰልጣኞች ግን ይወዱታል። ዐይን ለዐይን ሳይተያዩ ሰውን ማስቀረት ለፈሪ የተመቸ ነገር ነው። ባዶ ሚስማር ያየ ልጅም የሚያፈጠው አሰልጣኙ ላይ ሳይሆን እሷ ላይ ነው። «እኔ የምሰቅል እንጂ የምመርጥ አይደለሁም» ትላቸዋለች። በዚች ቃል ላይ ተደግፋ ሠላሳ አንድ ዓመት ኖራለች።

የዚያን ዓመቱ አሰልጣኝ ብራድ ሃግሉንድ ይባላል። ዕድሜው ሠላሳ ስምንት፣ ጥርሱ ከመጠን በላይ ነጭ፣ ሱሪው ከመጠን በላይ ጠባብ ነው። መጋቢት መጥቶ የጥሎ ማለፉ ጨዋታ ሲጀመር «አሁን ጦርነት ነው» ማለት ይወዳል። ዌይን ከቬትናም ሲመለስ ሦስት የእግር ጣት አጉድሎ ነበር፤ ሚስቱ ፊት ግን ያችን ቃል አንድ ቀን አንሥቷት አያውቅም። ሃግሉንድ ከቁርስ እስከ እራት ሃያ ጊዜ ያነሣታል።

ጦርነት ስለሆነም ምስጢር አለ። በጥሎ ማለፍ ጊዜ የማንም ጉዳት ምን እንደሆነ አይነገርም። ለጋዜጠኛ የሚሰጠው መልስ ሁለት ብቻ ነው፤ «የላይኛው አካል ጉዳት» ወይም «የታችኛው አካል ጉዳት»። ጉንፋን የያዘውም የላይኛው አካል ጉዳተኛ ነው። ጋዜጠኞቹ ይህን ሰምተው በቁም ነገር ይጽፋሉ፤ ሕዝቡም ገዝቶ ያነባል።

በዚያ ሰሞን ምስጢር የተደረገው የትሬቨር ባውማን ትከሻ ነበር። ባውማን የቡድኑ ዐይን ነው፤ ሃያ ዓመቱ፣ እግሩ ፈጣን፣ ጭንቅላቱ ግን ገና መንገድ ላይ ነው። ላብ የጠጣ ልብሱን መሬት ላይ ጥሎ ይሄዳል። የሆነ ነገር ሲፈልግ ብቻ «እማማ ዲ፣ የኔ ቆንጆ» ይላታል። የመደበኛው ውድድር የመጨረሻ ቀን ግራ ትከሻው ወለቀ። ወጌሻው ግሌን መልሶ አስገባው፤ ሐኪሙም ሦስት ሳምንት እንዲያርፍ አዘዘ። ግሌን ክፉ ሰው አይደለም፤ አሰልጣኝ ፊት ሲቆም ግን የሚያውቀው ሕክምና ሁሉ ከራሱ ይጠፋል። ሦስቱን ሳምንት ወደ አምስት ቀን አወረዱት።

ሐሙስ ዕለት ሃግሉንድ ወደ ዴሎሬስ ክፍል መጥቶ በሩን ዘጋ።

«ከዛሬ ጀምሮ ባውማን ቀኝ ትከሻው ላይ በረዶ አስሮ ነው የሚዞረው» አላት። «ማልያው ውስጥም በቀኝ በኩል ወፍራም ነገር ጨምሪበት፤ ከሩቅ እንዲታይ።»

«የታመመው ግራው አይደለም እንዴ?»

«ግራው ነዋ! ለዚህ እኮ ነው። እነዚያ ቀኙን ታስሮ ሲያዩ ቀኙን ይመታሉ። ግራው ያርፋል። ገባሽ?»

«ገባኝ። ቀኙስ የማን ነው?»

«ምን?»

«ቀኙ ትከሻ። የዚያው ልጅ አይደለም ወይ?»

ሃግሉንድ ሳቀ። «አይ ዴሎሬስ! አንቺ ስፌትሽን ስፊ።»

እሷም ስፌቷን ሰፋች። ዓርብ ዕለት ባውማን ግራ እጁን ማንሳት ስላቃተው ማልያውን በአናቱ በኩል ማጥለቅ አልተቻለም። ዴሎሬስ የማልያውን ጎን ከብብቱ እስከ ታች ተረተረችው፤ እንደ ኮት ካለበሰችው በኋላ አጠገቡ ተንበርክካ በላዩ ላይ እያለ መልሳ ሰፋችው። ድርብ ክር ነው የተጠቀመችው። መርፌው በጎኑ ሲያልፍ ልጁ ትንፋሹን ይዞ፣ ጥርሱን ነክሶ ቆሟል። «ይኼ ሁሉ ለአንዲት ጎማ» አለች በሆዷ። ያም ሆኖ ስፌቷ አንድ ቦታ እንኳ አልጠመመም።

ከሚኒሶታ የመጡት እንግዶች ወጥመዱ ውስጥ ዘው አሉ። ዓርብ ማታ ባውማንን ባገኙት ቁጥር ቀኝ ትከሻውን ከግድግዳው ጋር ያላትሙታል። ፖርት ኤልዲን ሦስት ለአንድ ተሸነፈች፤ ሃግሉንድ ግን የምትታለብ ላም የተሰጠችው ይመስል ፊቱ በርቶ «አያችሁ? አያችሁ? ቀኙን ብቻ!» እያለ ይዞር ነበር። ቅዳሜም ያው ሆነ፤ ቀኙን ወቀጡት። ባውማን ግን በጭማሪው ሰዓት ጎማዋን በተከላካዮቹ መሃል አሾልኮ አቀበለና ቡድኑ ሁለት ለአንድ አሸነፈ። ከሦስት ጨዋታ ሁለት ያሸነፈ ስለሚያልፍ ሁሉም ነገር ለእሁድ ቀረ። ከተማው ጨርቁን ጣለ። የባንኩ ሥራ አስኪያጅ ሚስቱን ሰው ፊት ሳማት።

ዴሎሬስ ያን ሁለት ቀን ያየችው ባውማንን ብቻ አልነበረም። ኢላይ ፔልኪ የሚባል የአራተኛ ዓመት ተማሪ አለ፤ አባቱ ከፖርት ኤልዲን ወጣ ባለች መንደር የበረዶ መጥረጊያ መኪና ይነዳል። ፔልኪ በአራት ዓመት ውስጥ የተሰለፈው አሥራ አንድ ጊዜ ነው፤ በጥሎ ማለፍ ግን አንድም ጊዜ አልተሰለፈም። ዓርብ ገባ፣ ቀና አለ፣ ሚስማሩ ባዶ ነው። ቅዳሜም እንዲሁ። ከሌሎቹ የሚለየው አለማፍጠጡ ነው። «እማማ ዲ፣ ደህና ዋሉ?» ብሎ ክራቫቱን አስተካክሎ ወደ ላይ ይወጣል። ከጨዋታ በኋላ ደግሞ የራሱ ያልሆነውን እርጥብ ልብስ ከመሬት እየለቀመ ቅርጫት ውስጥ ይከትላታል። ሁሉንም እኩል እንደምትንቅ ለሰው የምትናገረው ዴሎሬስ፣ ይህን ልጅ መናቅ አልሆነላትም። «ከዚህ ሁሉ ዱርዬ መሃል ጤነኛው እሱ ብቻ ነው» ትል ነበር፤ ትከሻውንም እግሩንም ጭንቅላቱንም ማለቷ ነው።

እሁድ ረፋዱ ላይ ባውማን መጣ። ቀኝ እጁን ከወገቡ በላይ ማንሳት አልቻለም። ግሌን ነካ ሲያደርገው ጮኸ። ግራው እንደነበረ ነው፤ አሁን ቀኙም ተጨመረበት።

ዴሎሬስ ፎጣ ልታደርስ ገብታ ስለነበር ምክክሩን ቆማ ሰማች።

«ጥሩ» አለ ሃግሉንድ አገጩን እያሻሸ። «ዛሬ በረዶውን ግራው ላይ እናስራለን።»

«ግራውማ የእውነት ነው» አለ ግሌን።

«አውቃለሁ! እነሱ ግን ስንት ቀን ሙሉ ቀኙ ነው ሲሉ ቆዩ። ዛሬ ግራው ታስሮ ሲያዩ ‹እያታለሉን ነው› ብለው ቀኙን ይመታሉ።»

«ቀኙም እኮ ተጎድቷል።»

ሃግሉንድ ባውማንን አየ፣ ጣሪያውን አየ፣ እንደገና ባውማንን አየ። አንድ ሰው ሁለት ትከሻ ብቻ እንዳለው ያን ቀን የነገሩት ይመስል ነበር።

«ምንም አናስርበትም» አለ በመጨረሻ። «ግራ እንዲገባቸው።»

ዴሎሬስ ፎጣውን አስቀምጣ ወጣች። ኮሪደር ላይ ለብቻዋ ሳቀች፤ ሳቋን ግን ወዲያው አቆመች። ልጁ ሃያ ዓመቱ ነው። ዓርብም ቅዳሜም እዚያ ማልያ ውስጥ የሰፋችው እሷ ናት።

ከሰዓት በኋላ ሃግሉንድ ዝርዝሩን አመጣላት። ባውማን አለበት። ፔልኪ የለም።

«ብራድ፣ ይህ ልጅ ማበጠሪያ እንኳ ማንሳት አይችልም» አለችው። «ፔልኪ ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ሦስተኛ ቀኑን ፈንዲሻ ሊበላ ነው?»

«ፔልኪ ጥሩ ልጅ ነው። ግን ባውማን አይደለም።»

«ባውማንም ዛሬ ባውማን አይደለም።»

«ስሚኝ» አላት ሃግሉንድ፤ ድምፁን ለስለስ አደረገ። «ልጁ ራሱ ነው የሚፈልገው። ለምኖኛል። እንዲህ ያለ ቀን በሕይወቱ አንዴ ነው የሚመጣለት፤ እኔ ማን ነኝ የምከለክለው? ትልቅ ሰው ነው፣ ሰውነቱን ያውቃል። አንድ ጨዋታ ነው፣ ዴሎሬስ። አንድ።»

ይህን ሲናገር ዐይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ዴሎሬስን ያስጠላት ይህ ነው። ለሥራው ሲል ልጁን እየሸጠው እንደሆነ ቢነግራት ኖሮ ትንሽ ታከብረው ነበር።

ማልያዎቹን ሰቀለች። ጨዋታው አንድ ሰዓት ሲቀረው ባውማንን ይዘውት ወደ ክፍሏ መጡ፤ ሃግሉንድ፣ ግሌንና ሁለት ረዳት አሰልጣኞች። ዛሬ ሁለቱንም ጎን መተርተር ያስፈልጋል።

ዴሎሬስ መርፌውን የክር ሣጥኑ ውስጥ አስገባች፤ ክዳኑን ዘጋችው።

«አልሰፋም» አለች።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«አልሰፋም ማለቴ ነው። ራሱ ማጥለቅ ከቻለ ያጥልቅ። ካልቻለ አይጫወትም።»

«ዴሎሬስ፣ ቀልድ የለም፣ ሰዓት የለንም።»

«አልቀለድኩም።»

ከዚያ የሆነውን ፖርት ኤልዲን ብታየው ኖሮ ለአንድ ሳምንት ቤቷን ዘግታ ባፈረች ነበር። አራት ትልልቅ ወንዶች፣ ሦስቱ ዲግሪ ያላቸው፣ አንድ ማልያ ማልበስ አቃታቸው። መጀመሪያ በአናቱ በኩል ሊያጠልቁለት ሞከሩ፤ ባውማን እንዲህ ያለ ጩኸት ጮኸና ሃግሉንድ እንኳ እጁን ሰበሰበ። ቀጥለው ጎኑን በመቀስ ቀደዱት። አንደኛው ረዳት መርፌ አንሥቶ ክሩን ለማስገባት ዐይኑን አጨንቁሮ ምላሱን አውጥቶ ቆየና ጣቱን ወጋ። በፕላስተር ጠቀለሉት። ወረቀት በሚያያይዙበት ስቴፕለር መቱት። ባውማን ለማሟሟቅ ወጥቶ ሁለቴ ሳይዞር ማልያው ከኋላው እንደ ተከፈተ መስኮት መጋረጃ መውለብለብ ጀመረ። ዳኛው ጠርቶ አየውና፣ «እንዲህ ለብሶ በረዶ ላይ አይወጣም፤ ወይ በደንብ ይልበስ ወይ ሌላ አምጡ» አለ። ባውማን ተመለሰ።

በቀጥታ የመጣው ወደ እሷ ነው። ፊቱ በእንባና በላብ ርሷል።

«እማማ ዲ፣ ስለ እግዚአብሔር። ግማሽ ሰዓት አለ። እርስዎ ከፈለጉ በአምስት ደቂቃ ይጨርሱታል።»

«አልፈልግም፣ ልጄ።»

«አንቺ ምን አገባሽ?» ብሎ ጮኸባት። «ማን ነሽ አንቺ? ልብስ አጣቢ! ዕድሜ ልክሽን የእኛን ላብ እያሸተትሽ ኖረሽ አሁን ሐኪም ሆንሽ?»

እውነቱን ለመናገር ቃሉ ዴሎሬስን አልጎዳትም። እንዲያውም ባውማን በአንድ ዓመት ውስጥ ሳያስመስል የነገራት የመጀመሪያ ነገር ይህ ነበር። ሃግሉንድ ዝርዝሩ ላይ የባውማንን ስም ሰርዞ ወረወረላት። በባውማን ስም ፈንታ ፔልኪ ተጽፏል።

የኢላይ ፔልኪን ማልያ ስትሰቅል ልቧ ቅቤ ጠጣ። ሠላሳ አንድ ዓመት ስትሰቅል ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷ መርጣ የሰቀለችው ማልያ ነው። ከፎቅ አስጠርተውት ሲገባ ቀና አለ፤ ቆሞ ቀረ። ማልያውን በሁለት ጣት ነካ አደረገው።

አምስት ደቂቃ ሳይሞላ የክፍሏ በር ተንኳኳ። ፔልኪ ነው፤ አንዱን የበረዶ ጫማ ተጫምቶ ሌላውን በእጁ ይዟል። ገብቶ በሩን ከኋላው ዘጋ።

«እማማ ዲ፣ ይቺን በማስፊያው ትንሽ ያስፉልኛል? አልገባ አለችኝ።»

«እንዴት አትገባም? የራስህ ጫማ እኮ ነው።»

ካልሲውን አወለቀ። እግሩ ከትንሿ ጣት እስከ ቁርጭምጭሚቱ አብጦ ጠቁሯል።

«መቼ ነው ይህ?»

«ሐሙስ ልምምድ ላይ። ጎማዋን በእግሬ መለስኳት።»

«ለግሌን ነግረኸዋል?»

«ለማንም አልነገርኩም። ብናገር ኖሮ ዛሬ ማን ይሰቅልልኝ ነበር?»

«እስኪ እርገጠው።»

ረገጠው። ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ ከንፈሩ ግን ነጣ።

«ኢላይ፣ ይህ ተሰብሯል» አለችው።

«ሊሆን ይችላል። አባቴና እናቴ ከላይ ተቀምጠዋል። አባቴ ዛሬ ፈረቃውን ለሰው ሰጥቶ ነው የመጣው፤ ኮትና ክራቫቴን ሊያይ አይደለም።» ጫማውን ዘረጋላት። «እርስዎ ነዎት እኮ ያስገቡኝ፣ እማማ ዲ። መልሰው ሊያስወጡኝ ነው?»

ዴሎሬስ በሩን አየችው። ግሌን ከበሩ ማዶ አሥር እርምጃ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ድምፅ ብታሰማ በቂ ነበር።

ይህ ሌላ ነው አለች በሆዷ። ባውማን ገና ልጅ ነው፤ ይህ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ትልቅ ሰው ነው፣ ሰውነቱን ያውቃል። ደግሞ ማንም አላስገደደውም፤ ራሱ ነው የፈለገው። እንዲህ ያለ ቀን ዳግመኛ አይመጣለትም፤ እኔ ማን ነኝ የምከለክለው? አንድ ጨዋታ ነው። የሃግሉንድ ንግግር መሆኑን አውቃዋለች፤ ቃል በቃል ያው ነው፤ የለስላሳ ድምፁ ዜማ እንኳ አልቀረም። አውቃው ጫማውን ከልጁ እጅ ተቀበለች።

ሙቀት መስጫውን አበራች። ቆዳው ሲለሰልስ ማስፊያ ብረቱን አስገብታ ጠመዘዘች፤ አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ ሦስት። በሕይወቷ እንዲህ ተጠንቅቃ የሠራችው ሥራ የለም። ወፍራሙን ካልሲ አስወልቃ ስስ ካልሲ ሰጠችው። ጫማውን ራሷ ተንበርክካ አጠለቀችለት። እግሩ ሲገባ ልጁ ትከሻዋን ጨምድዶ ያዘ፤ አልጮኸም። ክሩን ከታች ላላ፣ ከላይ ጠበቅ አድርጋ አሰረችው።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አላት።

«ሂድ፣ ሂድ» አለችው።

ጨዋታውን እንደ ልማዷ ተጠባባቂዎቹ ከሚቀመጡበት በር ሥር ቆማ አየችው። ፔልኪ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አራት ጊዜ ገባ፤ ቀጥ ብሎ ሲንሸራተት ደህና ነበር። አንድ ጊዜ እንዲያውም አንዱን የሚኒሶታ ግንድ አንሥቶ ግድግዳ ላይ ለጠፈውና አዳራሹ በጩኸት ተናጋ። አባቱ ከላይ ቆሞ ባርኔጣውን ሲያውለበልብ ታየ። ዴሎሬስ ለአንድ አፍታ ትክክል የሠራች መሰላት። በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ግን ወደ ግራ መዞር እየተወ፣ ክብ እየሠራ በቀኝ ብቻ ሲዞር አየችው። ሌላ ማንም ልብ አላለም። ሃግሉንድማ ዞሮም አላየው።

በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ አንድ ለአንድ ናቸው። ስድስት ደቂቃ ሲቀር አንድ የእንግዶቹ ተጫዋች በግራው በኩል መጣበት። ፔልኪ ዞር ለማለት እግሩን ተከለ፤ እግሩ ከሥሩ ከዳው። ሰውየው በላዩ ተረማምዶ ያለፈ ያህል ነው፤ ብቻውን ሄዶ አገባ። ፔልኪ ለመነሳት ሞከረ፣ ወደቀ፣ እንደገና ሞከረ። ግሌንና አንድ ረዳት ደግፈው አወጡት። በዴሎሬስ አጠገብ ሲያልፍ ቀና ብሎ አላያትም፤ እሷም አላየችውም። ሁለት ለአንድ አለቀ፤ ዓመቱም አብሮ አለቀ።

ማታውን ከተማው ሰደባት። በአካባቢው ሬዲዮ እየደወሉ «አንዲት ልብስ አጣቢ ቡድኑን ቀበረችው» አሉ። ሰኞ ጠዋት ደግሞ ሌላ ወሬ መጣ። ባውማንን ያዩት ሐኪሞች ሁለቱም ትከሻው ቀዶ ሕክምና እንደሚፈልግ፣ እሁድ አንድ ጊዜ ቢመታ ኖሮ ግራ እጁ ዳግመኛ ሙሉ በሙሉ ላይነሳ ይችል እንደነበር ተናገሩ። ወሬው በአንድ ሰዓት ውስጥ ተገለበጠ። ትናንት የሰደባት ሰው ዛሬ በጽሑፍ ቤቱ በኩል አበባ ላከላት። ሃግሉንድም ጋዜጠኞች ፊት ቆሞ ያንን ነጭ ጥርሱን እያሳየ፣ «በእኛ ቡድን ከድል በፊት የልጆቻችን ጤና ይቀድማል» አለ። ዴሎሬስ ይህን ስትሰማ ከልቧ ልትንቀው ፈለገች። እንደ ወትሮው አልቀላትም።

ረፋዱ ላይ ማልያዎቹን ወደ ማጠቢያው እየከተተች ሳለ የፔልኪ እናት መጣች። ጆአን ትባላለች፤ ፊቷ ያልተኛ ሰው ፊት ነው። የልጇን ዕቃ ልትወስድ ነው የመጣችው።

«እንዴት አደረ?» አለቻት ዴሎሬስ።

«ሦስት ቦታ ተሰብሯል። ነገ ብሎን ያስገቡለታል። ሐኪሙ ‹ዳግመኛ በዚህ እግር ሆኪ አይሞከርም› ብሏል።» ጆአን ትንፋሿን ሰበሰበች። «በዚያች በመጨረሻዋ አወዳደቁ እኮ ነው። አይተውታል አይደል? እኔ እንኳ ሲሰበር የሰማሁት መሰለኝ።»

ዴሎሬስ ቦርሳውን ከመደርደሪያው አወረደች። የጫማዎቹን ክር አጣምራ ቋጠረች።

ጆአን ክንዷን ያዘቻት። «ለዚያ ለሌላው ልጅ ያደረጉትን ሰማሁ። አሰልጣኙን ፊት ለፊት እምቢ ማለትዎን። ባለቤቴን ምን እንዳልኩት ያውቃሉ? ‹የእኛም ልጅ ታሞ ቢሆን ኖሮ እኚህ ሴትዮ አይለቁትም ነበር› አልኩት። እውነቴን አይደለም?»

«አዎ» አለች ዴሎሬስ።

ከዚያ ቦርሳውን አንሥታ እስከ መኪናዋ ሸኘቻት።